በፖለቲካ ለውጥ ወቅት ለእንስሳት ጥበቃ መሟገት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

መንግሥት ሲቀየር፣ ሕገ መንግሥት እንደ አዲስ ሲረቀቅ ወይም አንድ አገር ከነበረበት የአገሮች ኅብረት ሲወጣ፣ ማንም ልብ ሳይለው ተዘንግቶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀው ድንጋጌ ነው። ይህ የሚሆነው ባለሥልጣናቱ ሁሉ ለእንስሳት ደንታ ስለሌላቸው አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ አጀንዳው በሌላ ጉዳይ የተጨናነቀ ስለሚሆንና ስለ እንስሳት ተነሥቶ የሚናገር ሰው በስብሰባው ውስጥ ስለማይገኝ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት ሰሚ አጥቶ የቆየ ጥያቄ ድንገት ተቀባይነት አግኝቶ ሕግ ሆኖ የሚወጣውም በዚሁ የሽግግር ጊዜ ነው። ይህ መመሪያ በማኅበር ተደራጅተውም ሆነ በግል ለእንስሳት ለሚሟገቱ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥበቃን የሚያጸናው የባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ሳይሆን ጥበቃው የሰፈረበት የሕግ ደረጃ፣ የተመደበለት በጀትና ኃላፊነቱን በስሙ የተሸከመው መሥሪያ ቤት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁሉ ቃል የተገባውን ወደ ሕግ፣ ሕግ የሆነውን ደግሞ ወደ ሥራ ለማሸጋገር የታሰቡ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የመጣው ለውጥ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ሁሉም የፖለቲካ ለውጥ አንድ ዓይነት ሥራ አያስከትልም። በመደበኛ ምርጫ ገዥው ፓርቲ ሲቀየር አዋጆቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚቀየሩት ሚኒስትሮቹ፣ ለየትኛው ሥራ ቅድሚያ በጀት እንደሚሰጥና በሥልጣናቸው የሚያወጧቸው ደንቦች ናቸው። በዚህ ጊዜ የተሟጋቹ ዋና ሥራ ያለው ጥበቃ እንዳይላላ መከታተልና ጥያቄው በተወዳዳሪ ፓርቲዎች ማኒፌስቶ ውስጥ አስቀድሞ እንዲገባ ማድረግ ይሆናል።

ሕገ መንግሥት እንደ አዲስ ሲጻፍ ነገሩ ይለያል። ብራዚል ከወታደራዊ አገዛዝ ከተላቀቀች በኋላ በ1988 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 225 ላይ እንስሳትን ለጭካኔ የሚዳርጉ ድርጊቶችን የሚከለክል ድንጋጌ አስገብታለች። ግብፅም ከ2011ዱ አብዮት በኋላ በ2014 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 ለእንስሳት መራራትን ከመንግሥት ግዴታዎች መካከል ቆጥራለች። እንዲህ ያለ ዕድል በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ቢመጣ ነውና፣ አርቃቂው አካል የሕዝብ አስተያየት መቀበል ከመጀመሩ በፊት የእርስዎ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ሥልጣን ከአንዱ የመንግሥት እርከን ወደ ሌላው የሚሻገርበት ለውጥ ነው። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት የእንስሳት ቁጥጥርንና ደኅንነትን የካውንቲዎች ተግባር አድርጎ ስለደለደለው፣ ቀድሞ በአንድ ከተማ ይቀርብ የነበረው ጥያቄ ለ47 የካውንቲ አስተዳደሮች መቅረብ የሚገባው ሆነ። ኦስትሪያ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ተጉዛ፣ በየክፍለ ግዛቱ የተበታተነውን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በ2004 ወደ አንድ የፌዴራል ሕግ አምጥታዋለች።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን አገሮች ከአንድ ኅብረት ሲወጡ የሚፈጠረው ክፍተት ነው። ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሊዝበን ስምምነት፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፖሊሲ ሲያወጡ እንስሳት ስሜት ያላቸው ፍጡራን መሆናቸውን ግምት ውስጥ እንዲያስገቡ ያስገድዳል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ለመውጣት ስትሰናዳ ይህ ግዴታ ወደ አገር ውስጥ ሕግ እንዲሸጋገር የቀረበው ማሻሻያ በኅዳር 2017 በ313 ለ295 ድምፅ ውድቅ ተደረገ። ሕዝቡ ቁጣውን ስላሰማ መንግሥት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ረቂቅ ይዞ ቀረበ፤ ሆኖም ጉዳዩን የያዘ አዋጅ የጸደቀው በሚያዝያ 2022 ነው። የሽግግሩ ጊዜ ያበቃው በ2020 መጨረሻ ስለነበር፣ ግዴታው ከአንድ ዓመት በላይ የሕግ መሠረት ሳይኖረው ቆይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመዝጋት የሚበጀው ጊዜ ማሻሻያው ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ያለው ነው።

አራተኛው ዓይነት ጦርነት፣ መፈንቅለ መንግሥት ወይም የተቋማት መፍረስ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ደረጃ 8ን አስቀድሞ ቢያነብ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ያለውን ጥበቃ ከነምንጩ ይመዝግቡ

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የሚሟገቱለት ጥበቃ የት ላይ እንደተጻፈ ሳያውቁ ሊጠብቁት አይችሉም። አንድ ሰነድ ያዘጋጁና በአገርዎ እንስሳትን የሚመለከት ድንጋጌ ሁሉ ከሕገ መንግሥት ነው፣ ከአዋጅ ነው፣ ከደንብ ወይም ከመመሪያ ነው፣ ወይስ በንግግር ከተሰጠ ቃል ብቻ ነው የሚለውን ለይተው ያስፍሩ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የአንቀጹን ቁጥር፣ አስፈጻሚውን መሥሪያ ቤት፣ ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣና ድንጋጌውን ለመሻር የማን ፊርማ እንደሚበቃ ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የድንጋጌውን ጥንካሬ የሚናገረው ግን እሱ ነው።

በአሜሪካ ኦርጋኒክ ተብለው ለሚሸጡ ምርቶች የሚረቡ እንስሳትና ዶሮዎች አያያዝ እንዲሻሻል ለዓመታት የተደከመበት ደንብ፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ሊፈጽም አንድ ቀን ሲቀረው በጥር 19 ቀን 2017 ታትሞ ወጣ። በመጋቢት 2018 አዲሱ አስተዳደር ሻረው፤ ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሌላ ደንብ እንደገና የታተመው በኅዳር 2023 ነው። ምክር ቤቱ አዋጅ አድርጎ ቢያጸድቀው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይገላበጥም ነበር። ቃል ብቻ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በእርባታ ላይ ያሉ እንስሳት በሽቦ ጎጆ ውስጥ ታጉረው መያዛቸው እንዲቀር ከ1.3 ሚሊዮን የሚበልጡ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ፈርመው ላቀረቡት ጥያቄ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በሰኔ 2021 በሰጠው መልስ እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ የሕግ ሐሳብ እንደሚያቀርብ አስታውቆ ነበር። ጊዜው አለፈ፤ የ2024ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫም ሐሳቡ ሳይቀርብ ተካሄደ።

በዚሁ ደረጃ ላይ መረጃን ማስቀመጥ የግድ ነው። በየካቲት 2017 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በቤተ ሙከራዎች፣ በእንስሳት ማርቢያዎችና በመካነ አራዊት የተደረጉ የቁጥጥር ሪፖርቶችን ከድረ ገጹ ላይ አነሣ። ሪፖርቶቹ ተመልሰው ለሕዝብ እንዲከፈቱ ክሶች ተመሠረቱ፤ በመጨረሻም በ2019 መጨረሻ ምክር ቤቱ በበጀት ሕጉ ውስጥ ትእዛዝ አስገባ። በዚያ መሀል ሥራቸውን ሳያቋርጡ መቀጠል የቻሉት አስቀድመው ቅጂ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። እርስዎም የቁጥጥር ሪፖርቶችን፣ የክትባት መዝገቦችን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና የሚኒስትሮችን የጽሑፍ መልሶች ምርጫ ከመድረሱ በፊት ያውርዱ፤ ያወረዱበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉና በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን በሕግ ቋንቋ ይጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች ይልቅ ጊዜ መስጠት የሚገባው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በለውጥ ጊዜ አርቃቂዎች በችኮላ ስለሚሠሩ፣ «እንስሳት ይጠበቁ» ብሎ ከጠየቀ ሰው ይልቅ የተዘጋጀ አንቀጽ ይዞ የመጣ ሰው ይሰማል። አንድ ዋና ጥያቄና ቢበዛ ሁለት ደጋፊ ጥያቄዎች ይምረጡ። ዋናው ጥያቄ ብዙ እንስሳትን የሚነካ፣ በግልጽ ሊመዘን የሚችልና በአንድ የምርጫ ዘመን ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ቢሆን ይመረጣል።

ሁለት አጻጻፎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው «መንግሥት የእንስሳትን ደኅንነት ለማስጠበቅ አስፈላጊውን ጥረት ያደርጋል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «እንስሳ በይዞታው ሥር ያለ ማንኛውም ሰው ለእንስሳው በቂ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ተስማሚ መጠለያና ሕክምና የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሚኒስቴሩ ይህ አዋጅ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ማስፈጸሚያ ደንብ ያወጣል። ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ነባሮቹ ደንቦች ይህን አዋጅ እስካልተቃረኑ ተፈጻሚ ይሆናሉ።» የመጀመሪያው አጻጻፍ ማንንም በምንም አያስገድድም፤ መንግሥት ምንም ሳይሠራ ቢቀር እንኳን «ጥረት አድርጌአለሁ» ለማለት ያስችለዋል። ሁለተኛው ግን ግዴታው የማን እንደሆነ፣ ምን መደረግ እንዳለበትና እስከ መቼ እንደሆነ ቆጥሮ አስቀምጧል። በተለይ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም የመሸጋገሪያ ድንጋጌው፣ አሮጌው ሕግ ተሽሮ አዲሱ ሳይሠራ በሚያልፈው ጊዜ እንስሳት ያለ ጥበቃ እንዳይቀሩ ያደርጋል። በሽግግር ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የማስገባት ዕድል ቢያገኙ ይህንኑ ይምረጡ። «ያወጣል» ተብሎ የተጻፈው በውይይት መሀል «ሊያወጣ ይችላል» ወደሚል ተለውጦ እንዳይመለስም እያንዳንዱን የረቂቁን እትም ከቀዳሚው ጋር ቃል በቃል እያስተያዩ ያንብቡ።

ረቂቁ «እንስሳ» ሲል የትኞቹን እንደሚያካትት በትርጓሜው ክፍል መወሰን አለበት። ከላይ የተጠቀሰው የብሪታንያ የ2022 አዋጅ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት በተጨማሪ እንደ ሸርጣንና ኦክቶፐስ ያሉትን ያካተተው፣ ስሜት እንዳላቸው የሚያሳዩ ሳይንሳዊ ማስረጃዎች በገለልተኛ ባለሙያዎች ተመርምረው በ2021 ከቀረቡ በኋላ ነው። የቅጣት መጠንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1960 የወጣው የህንድ የጭካኔ መከላከያ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የደነገገው ቅጣት ከ10 እስከ 50 ሩፒ ነበር፤ ገንዘቡ ዋጋ ባጣ ቁጥር ቅጣቱም ቅጣት መሆኑ እየቀረ ሄደ። ስለዚህ መጠኑ በየጊዜው በደንብ እንዲሻሻል ወይም ከሌላ ከሚስተካከል መለኪያ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቁ።

አገርዎ ቀድሞ የተስማማበትን ነገር ማስታወስም ለጥያቄው ክብደት ይሰጠዋል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከ180 በላይ አባል አገሮች ያሉት ሲሆን፣ ስለ እንስሳት ማጓጓዝና ስለ እርድ ያወጣቸው የደኅንነት ደረጃዎች ከ2005 ጀምሮ በአባላቱ እየጸደቁ የመጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤም በመጋቢት 2022 የእንስሳት ደኅንነት ከአካባቢ ጥበቃና ከዘላቂ ልማት ጋር ያለውን ትስስር የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። «ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» ለሚል ተቃዋሚ፣ አገሩ ራሷ አባል ሆና የተቀበለችው መሆኑን በሰነድ ማሳየት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅደም። ሁሉንም ተስፋ በአንድ ሰነድ ላይ አይጣሉ። በቺሊ በ2022 የቀረበው ረቂቅ ሕገ መንግሥት እንስሳት ልዩ ጥበቃ የሚገባቸው መሆናቸውን፣ ስሜት ያላቸው መሆናቸውንና ከእንግልት ነፃ ሆነው መኖር እንዳለባቸው የሚገልጽ አንቀጽ ይዞ ነበር። ረቂቁ በሌሎች ምክንያቶች በሕዝበ ውሳኔ 62 በመቶ በሚሆን ድምፅ ውድቅ ሲደረግ ያ አንቀጽም አብሮ ወደቀ። ከሕገ መንግሥቱ ጎን ለጎን በመደበኛው ምክር ቤት የሚሄድ አንድ የአዋጅ ማሻሻያ ቢኖር፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል።

ደረጃ 4፦ ጉዳዩ የአንድ ፓርቲ ንብረት እንዳይሆን ይጠንቀቁ

በለውጥ ጊዜ አሸናፊ ከሚመስለው ወገን ጋር መታየት ያጓጓል። ነገር ግን የእንስሳት ጥበቃ የአንድ ፓርቲ አርማ ሆኖ ከተቆጠረ፣ ፓርቲው በወደቀ ዕለት አብሮ ይወድቃል። ኦስትሪያ ውስጥ በ1996 ወደ 459 ሺህ የሚጠጉ ዜጎች ፈርመው አንድ የፌዴራል የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ መንግሥታት ተቀያየሩ፣ ጥያቄው ግን በሁሉም ፓርቲዎች ውስጥ ደጋፊ ስለነበረው በ2004 በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በጀርመንም «እንስሳት» የሚለው ቃል በ2002 በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20ሀ ውስጥ የገባው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ተቀናቃኝ ፓርቲዎችን በአንድነት ማሳመን ግድ ሆኖ ነው።

በተግባር ይህ ማለት ለገዥውም ለተቃዋሚውም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ፣ በአንድ ፓርቲ መድረክ ላይ ከተናገሩ በሌላውም ለመናገር መጠየቅ፣ በማኅበሩ ስም ለዕጩዎች ድጋፍ አለመስጠት ማለት ነው። አጋር የሚሆኑትንም ከፖለቲከኞች ውጭ ይፈልጉ። የእንስሳት ሐኪሞች፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የቄራ ሠራተኞችና በጭነት እንስሳት የሚተዳደሩ ሰዎች ጉዳዩን ከማንም በላይ በቅርብ ያውቁታል። አህያው ጀርባው ተልጦ ሲሠራ የሚያየው ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ኮርቻና ቅርብ ሐኪም ቢያገኝ የሚደሰት ሰው ነው፤ እሱን እንደ ወንጀለኛ ብቻ የሚቆጥር ዘመቻ ፍትሐዊ አይደለም፣ ውጤትም አያመጣም።

አንድ ነገር በጥብቅ መናገር ያስፈልጋል። ሕዝብ በተከፋፈለበት ጊዜ የእንስሳት ጭካኔ ጉዳይ አንድን ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የስደተኞች ማኅበረሰብ ለማሳጣት መሣሪያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ጥያቄው ለሁሉም እኩል የማይሠራ ከሆነ፣ ማለትም የአንዱን ማኅበረሰብ ልማድ ብቻ ነቅሶ በትልልቅ እርባታዎችና ቄራዎች የሚፈጸመውን በዝምታ የሚያልፍ ከሆነ፣ ስምዎን አያውሱት።

ደረጃ 5፦ የምክር ቤቱን የጊዜ ሰሌዳ ይከተሉ

የምክር ቤት ዘመን ሲያበቃ ያልጸደቁ ረቂቆች በብዙ አገሮች ቀሪ ይሆናሉ። ስለዚህ የመጨረሻው የስብሰባ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ረቂቅዎ ስንት ንባብ እንደሚቀረውና የትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደያዘው አስቀድመው ይወቁ። የብሪታንያው ታሪክ እዚህም ያስተምራል። በርካታ ጉዳዮችን በአንድ ላይ የያዘ የእንስሳት ደኅንነት ረቂቅ በ2021 ቀርቦ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በግንቦት 2023 መንግሥት ተወው። ተሟጋቾቹ ረቂቁን እንዳለ ለማስመለስ ከመታገል ይልቅ ይዘቱ በየክፍሉ ተነጣጥሎ እንዲቀርብ ገፉ። የቁም እንስሳትን ለእርድና ለማድለብ ወደ ውጭ መላክን የሚከለክለው አዋጅ በግንቦት 20 ቀን 2024 ጸደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ምርጫ ታወጀ። የቤት እንስሳትን መስረቅ ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገው አዋጅ ደግሞ ምክር ቤቱ ሥራውን ባቆመበት ዕለት፣ በግንቦት 24 አለፈ። ጥያቄዎን ከመጀመሪያው ሊነጣጠል በሚችል መልኩ ካዘጋጁት እንዲህ ያለችውን አጭር ጊዜ መጠቀም ይቻላል።

ከምርጫ ማግስት ያሉት ሳምንታትም ዋጋ አላቸው። የመሥሪያ ቤቶች ቋሚ ሠራተኞች ለአዲሱ ሚኒስትር የርክክብ ሰነድ ያዘጋጃሉ፤ በዚያ ሰነድ ውስጥ የእንስሳት ጉዳይ በአንዲት አንቀጽ እንዲጠቀስ ማድረግ ከብዙ ሰልፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ፖለቲከኛው ሳይሾም በፊት ከመምሪያ ኃላፊውና ከሕግ ክፍሉ ባለሙያ ጋር ይተዋወቁ።

በግል አባል የሚቀርብ ረቂቅም መግፊያ ይሆናል። ህንድ ነፃነቷን ባገኘች በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ የአገሪቱ የላይኛው ምክር ቤት አባል የነበሩት ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዳሌ በ1953 የጭካኔ መከላከያ ረቂቅ አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔሩ መንግሥት የራሱን ረቂቅ እንደሚያመጣ ቃል ስለገቡላቸው የራሳቸውን አነሡ፤ ሕጉ በ1960 ወጣ፣ በ1962 የተቋቋመውን የእንስሳት ደኅንነት ቦርድም በሰብሳቢነት የመሩት እሳቸው ናቸው። ረቂቅን ማንሣት ሽንፈት የሚሆነው በምላሹ የተገኘ ነገር ከሌለ ነው። የተገባው ቃል በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን ሳያረጋግጡ ግን አያንሡ።

ደረጃ 6፦ ከባለሥልጣን ጋር ሲገናኙ አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ

በለውጥ ጊዜ የሚሰጥዎት ጊዜ አጭር ነው፤ ሩብ ሰዓት ካገኙ ብዙ ነው። የሚያቀርቡት ወረቀት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሚፈልጉትን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቀጥሎ ችግሩን ራስዎ ባረጋገጡት አንድ ጉዳይ ያሳዩ፤ ለምሳሌ ከብቶች ስንት ሰዓት ያለ ውኃ በጭነት መኪና ላይ እንደቆዩ፣ ቀኑንና የተመለከተውን ሐኪም ማስረጃ ይጥቀሱ። ከዚያ የተዘጋጀውን አንቀጽ፣ የሚያስወጣውን ወጪና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ በመጨረሻም ማን ማን እንደሚደግፈው ያስፍሩ። ወጪውን ያልጠቀሰ ወረቀት ገንዘብ ሚኒስቴር ሲደርስ ይቆማል።

የቆሰለ እንስሳ ፎቶግራፍ ካለዎት አንድ ይበቃል፤ ብዙ አሰቃቂ ምስል ሰሚውን ያሸሸዋል። ሲወጡ «ቀጣዩ እርምጃ የማን ነው? እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ፤ በማግሥቱም መልሱን በጽሑፍ አድርገው ይላኩ። ያ ደብዳቤ ሹሙ ቢቀየር እንኳን በመዝገብ ቤት ይቀራል።

ደረጃ 7፦ «ሰው እየተቸገረ ስለ እንስሳ?» ለሚለው ጥያቄ ይዘጋጁ

ይህ ጥያቄ በየመድረኩ ይነሣል፤ በቅንነት የሚነሣም ነውና በንቀት አይመለስም። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የሰውና የእንስሳ ደኅንነት የማይነጣጠል መሆኑ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 59,000 የሚገመቱ ሰዎችን ይገድላል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያጠፋና በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ግን እንደሚገታው የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስተምር ቆይቷል። መንግሥት ሲዳከም በመጀመሪያ ከሚቋረጡት አገልግሎቶች አንዱ ይህ ክትባት ስለሆነ፣ ለክትባት በጀት መሟገት ለሕፃናት ሕይወት መሟገት ነው። ሁለተኛው ክፍል ሳይድበሰበስ መነገር አለበት፦ ሕመም የሚሰማው ፍጡር ያለ ምክንያት እንዳይሰቃይ መጠበቅ ለሰው ጥቅም ባያመጣም እንኳን ተገቢ ነው። ጉዳዩን ሁልጊዜ በሰው ጥቅም ብቻ የሚያስረዳ ተሟጋች፣ ጥቅሙ በሌለበት ቦታ የሚናገረው ያጣል።

ደረጃ 8፦ ተቋማት ሲፈርሱ

ሰላም በደፈረሰበት ቦታ የሕግ ጥያቄ ይቆያል፤ የሚቀድመው መኖ፣ ውኃና የሰው ደኅንነት ነው። በመጠለያዎች፣ በመካነ አራዊትና በቤተ ሙከራዎች ተዘግቶባቸው ያሉ እንስሳት ራሳቸውን መመገብ ስለማይችሉ፣ የት የት እንደሚገኙ፣ ስንት እንደሆኑና ለስንት ቀን የሚበቃ መኖ እንዳለ ከወዲሁ ዝርዝር ይያዙ። ለአካባቢው አስተዳደር፣ ማንም ይያዘው፣ ጠባቂዎች እንዲያልፉ የሚጠይቅ ደብዳቤ ያዘጋጁ። መረጃ የሚሰጡዎትን ሰዎች ስም ከመረጃው ለይተው ያስቀምጡ፤ ፎቶግራፎች የተነሡበትን ቦታና ሰዓት በውስጣቸው ስለሚይዙ ከማሰራጨትዎ በፊት ያንን ያጥፉ። ለእንስሳት ሲሉ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ከማንም አይጠበቅም።

ደረጃ 9፦ ከጸደቀ በኋላ ያለውን ሥራ ይያዙ

አዋጁ በታተመ ማግስት ማስፈጸሚያ ደንቡን የሚያረቅቀው ማን እንደሆነ ይጠይቁና የራስዎን ሐሳብ ይላኩ። የተቆጣጣሪዎቹን ቁጥር፣ ሥልጠናቸውንና የመጓጓዣ በጀታቸውን በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ሰነድ ውስጥ ይፈልጉ፤ ከሌለ የበጀት ቋሚ ኮሚቴው ስብሰባ ሳያልፍ ያመልክቱ። ፖሊሶችና ዓቃብያነ ሕግ አዲሱን አንቀጽ ካላወቁት ክስ አይመሠረትምና፣ ከእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ጋር ሆነው አጭር የአሠራር ማስታወሻ ያዘጋጁላቸው።

የመልስ ምት እንደሚመጣም ይጠብቁ። የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2016 ፈረሰኞች በሬን በጅራቱ ጎትተው የሚጥሉበትን የቫኬዣዳ ውድድር የሚፈቅድ የአንድ ክፍለ ግዛት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ግን ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ራሱን አሻሽሎ፣ እንደ ባህል የተመዘገቡ እንዲህ ያሉ ውድድሮች እንደ ጭካኔ እንዳይቆጠሩ አደረገ። በፍርድ ቤት ያሸነፈ ወገን በዚያው ሳምንት ከምክር ቤት አባላት ጋር መነጋገር መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ በእጅ ያለ ሕግ ያልተጠቀሙበት ኃይል ይኖረዋል። የደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በ1962 የወጣ ሲሆን፣ የአፓርታይድ ሥርዓት ካበቃበት ከ1994ቱ ታላቅ ለውጥ በኋላም በሥራ ላይ ቆይቷል። የአገሪቱ የጭካኔ መከላከያ ማኅበራት ብሔራዊ ምክር ቤት፣ ዓቃቤ ሕግ አልከስም ባለ ጊዜ በራሱ ስም ክስ የመመሥረት መብት እንዳለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2016 የወሰነው፣ በ1993 የወጣውን የማኅበራቱን ማቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ በመተርጎም ነው። አንቀጹ ከሃያ ዓመታት በላይ በሕጉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በደረጃ 2 ያዘጋጁትን ዝርዝር ለአንድ የሕግ ባለሙያ ይስጡና፣ ማኅበርዎ ወይም ማንኛውም ዜጋ አቤቱታ ለማቅረብ፣ ለመክሰስ ወይም መረጃ ለመጠየቅ የሚያስችለውን አንቀጽ ሁሉ ምልክት እንዲያደርግበት ይጠይቁት፤ ዝርዝሩንም በየዓመቱ፣ በተለይም አዲስ ምክር ቤት ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ወር፣ እንደገና ያስመርምሩት።